ከመሐላው ማግስት፦ ስለ ሱስ፣ ስለ ምክርና ስለ ንስሐ

ይህ ጽሑፍ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ለምክር ሰጪዎችና ሱስ ያለበት ሰው ቤታቸው ላለ ቤተሰቦች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። በጥያቄ ሰዓት ከተነሡት ጥቂቶቹን መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ። ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

እንደምን አመሻችሁ።

እኛ አገር መጠጥ ወይም ጫት ለመተው የሚሞከረው የመጀመሪያው ነገር ሐኪም ቤት መሄድ አይደለም። አማካሪ ጋ መሄድም አይደለም። መሐላ ነው። ሚስት ታለቅሳለች፣ እናት ትለምናለች፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ከዚያ ሰውየው ብድግ ይልና «ሚካኤልን! ሁለተኛ አፌ አይነካውም» ይላል። አንዳንዱ የንስሐ አባቱ ጋ ሄዶ «አባቴ ይገዝቱኝ» ብሎ ይለምናል። ሙስሊሙ ቁርኣን ይዞ ይምላል። ወንጌላዊ አማኙ መድረክ ላይ ወጥቶ «ጌታ ነፃ አወጣኝ» ብሎ ይመሰክራል፣ ጉባኤው ያጨበጭብለታል። ሁሉም ከልባቸው ነው። ይህን ማንም እንዳይጠራጠር።

እኔን የሚያሳስበኝ ማግስቱ ነው። ይሄ የማለ ሰው አንድ ቀን ቢሳሳት ምን ይሆናል? ዛሬ የማወራው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። «መንፈሳዊ ትምህርት ሱሰኛን ይረዳል ወይስ ይጎዳል?» ተብዬ ነው የተጋበዝኩት። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለወደቀ ሰው መመለሻ ያለው ትምህርት ይረዳል፤ መመለሻ የሌለው ይጎዳል። ይህ ለኦርቶዶክሱም፣ ለሙስሊሙም፣ ለጴንጤውም ያው ነው።

ሁላችንም ሰፈራችን ውስጥ የምናውቀውን ሰው እናስብ። ጋሽ እገሌ እንበለው። ምሎ ተወ። ወር አለፈው፣ ሁለት ወር አለፈው፣ ፊቱ መለስ አለ፣ ደመወዙ ቤት መግባት ጀመረ። አንድ ቀን የዘመድ ሠርግ ላይ «አንድ ብርሌ ምን ያደርግሃል!» አሉትና ጠጣ። አንድ ብርሌ ጠጅ። በሰውነቱ ላይ ያን ያህል ጉዳት አያመጣም። ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ሌላ ነገር ተፈጠረ። «መሐላ አፈረስኩ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ? አለቀልኝ» አለ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ጠጣ። በአራተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ማለፍ ተወ፣ የንስሐ አባቱን ሲያይ መንገድ ቀየረ፣ ማኅበር ቀረ። አስተውሉ፤ ደግፈው ያቆሙትን ሰዎች በሙሉ ነው የሸሸው። ያውም በጣም በሚያስፈልጉት ሰዓት።

አለን ማርላት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር፣ ሲያትል ውስጥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ። ከጁዲት ጎርደን ጋር በ1985 ባሳተመው ሥራ ይህንኑ ነገር ተንትኖታል። ሰው ካቆመ በኋላ አንዴ መሳሳቱና ሙሉ በሙሉ ማገርሸቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይላል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚወስደው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ብርጭቆ ራሱ ሳይሆን ሰውየው ለብርጭቆው የሚሰጠው ትርጉም ነው። «ተሳሳትኩ፣ እዚያ ሠርግ ላይ መቀመጥ አልነበረብኝም» ካለ ነገ ይቀጥላል። «እኔ ድሮም ከንቱ ነኝ» ካለ ግን ጠርሙሱን ይጨርሰዋል። ደንቡ ጠንካራ በሆነ ቁጥር፣ «ለዘላለም» እና «በፍጹም» የሚሉ ቃላት በበዙ ቁጥር፣ አንዴ ሲሰበር የሚመጣው ጥፋተኝነትም ያንኑ ያህል ይከብዳል።

እንግዲህ የእኛን መሐላ አስቡት። ከዚህ የጠነከረ ደንብ ከየት ይመጣል?

ደስ የሚለው ግን መልሱን ሲያትል ድረስ ሄደን መለመን አይኖርብንም። ቤታችን ውስጥ አለ። «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና ይነሣማል» ይላል ምሳሌ 24። ልብ በሉ፣ የሚወድቀው ኃጥኡ አይደለም፣ ጻድቁ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ንስሐን ምሥጢር አድርጋ የያዘችው ሰው እንደሚወድቅ ስለምታውቅ ነው። ቀኖናውን ደግሞ እዩት። የንስሐ አባት «ይህን ያህል ቀን ጹም፣ ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል መጽውት» ይላሉ። ቁጥር አለው፣ ማለቂያ አለው። ሲያልቅ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ትባላለህ። ሰውየው ወድቆ የሚቀርበት ቦታ የለም። መሐላ ግን ማለቂያ የለውም፤ ከእሱ መውጫው ማፍረስ ብቻ ነው። ጌታም «ከቶ አትማሉ» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፣ እኛ ግን ንስሐውን ትተን መሐላውን ወደድን። ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት መማል የአንድ አፍታ ነገር ስለሆነ፣ ንስሐ ግን በየጊዜው ሰው ፊት መቅረብ ስለሚጠይቅ ይሆናል።

እስልምናም ዘንድ ነገሩ በጣም ግልጽ ነው። የቁርኣን አምስተኛው ምዕራፍ፣ አል ማኢዳህ፣ አንቀጽ 89 ላይ መሐላውን ላፈረሰ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራል፤ አሥር ድሆችን ያብላ ወይም ያልብስ ወይም ባሪያ ነፃ ያውጣ፣ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጹም ይላል። አስካሪ መጠጥ በመጨረሻ የተከለከለበት አንቀጽ የትኛው ይመስላችኋል? 90 ነው። ቀጣዩ። መጠጡን ከሚከለክለው ቃል በፊት የፈረሰ መሐላ ማካካሻ ተቀምጧል። ክልከላው ራሱም ቢሆን በአንድ ጀምበር አልመጣም፤ በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፣ ከዚያ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ፣ በመጨረሻ ፈጽሞ ተከለከለ። ሙስሊም ደንበኛ ያላችሁ አማካሪዎች ይህን እወቁት። ሰውየው ራሱ ላያውቀው ይችላል፣ አውቆም በኀፍረት ረስቶት ይሆናል። እናንተ ግን የሃይማኖት ዳኛ ሆናችሁ ፍርድ አትስጡ፤ ወደሚያምነው ኡስታዝ ላኩት።

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ፤ መንፈሳዊ ነገርና የሱስ ሕክምና በግልጽ የተጋጠሙት እዚያ ነውና።

ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ነበር። መጠጥ ሕይወቱን ጨርሶ አበላሸበት። አንድ የድሮ የመጠጥ ጓደኛው በ1934 መገባደጃ ላይ ቤቱ መጣ፤ ኦክስፎርድ ግሩፕ በሚባል የክርስቲያኖች እንቅስቃሴ ውስጥ ገብቶ መጠጥ አቁሟል። ያንን ጓደኛውን ወደ እንቅስቃሴው ካመጡት ሰዎች አንዱ ደግሞ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ በታላቁ የሥነ አእምሮ ሐኪም በካርል ዩንግ የታከመ ሀብታም ነበር፤ ዩንግ «የኔ ሕክምና አይበቃህም፣ መንፈሳዊ ለውጥ ብታገኝ ነው ተስፋ ያለህ» ብሎ የመለሰው። ቢል ዊልሰን በዚያው ታኅሣሥ ሆስፒታል ገብቶ እየታከመ ሳለ ከባድ መንፈሳዊ ተሞክሮ ገጠመው፣ ከዚያ በኋላ አልጠጣም። በ1935 አክሮን፣ ኦሃዮ ውስጥ ቦብ ስሚዝ ከተባለ ሰካራም ሐኪም ጋር ተገናኙ። ዶክተር ቦብ የመጨረሻውን ብርጭቆ የጠጣበት ሰኔ 10 ቀን 1935 ዛሬ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል።

ዩንግ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት በጥር 1961 ለቢል ዊልሰን ደብዳቤ ጽፎለታል። ሰካራሙን የሚያሰቃየው ጥማት በዝቅተኛ ደረጃ ያለ የነፍስ ጥማት ነው አለ። ግርጌው ላይ የጠቀሰው ዳዊትን ነው፤ ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደምትናፍቅ የሚለውን፣ በእኛ ዳዊት 41ኛውን መዝሙር። የእኛ አገር እናት ዳዊት የምትደግመው ልጇ መጠጥ ቤት በሚያመሽበት ሰዓት ነው። ዩንግም ስለ ሰካራም ሲያስብ ወደዚያው ዳዊት ሄደ።

የማኅበሩ አሥራ ሁለት እርምጃዎች ላይ አንድ በአንድ አልሄድም። ጥቂቶቹ ላይ ብቻ ልቁም። አምስተኛው እርምጃ ጥፋትህን ለእግዚአብሔር፣ ለራስህና ለሌላ አንድ ሰው ተናገር ይላል። ለሌላ አንድ ሰው! ይሄ በኛ ቋንቋ ኑዛዜ ነው። ስምንተኛውና ዘጠነኛው የበደልካቸውን ዘርዝር፣ በቻልከው መጠን ካስ ይላሉ። ይህም የዘኬዎስ ነገር ነው፤ የቀማሁት ቢኖር አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው። ስንት ሰው ነው ጠጥቶ የሰበረውን ሁሉ «ይቅርታ» በሚል አንድ ቃል ሊዘጋው የሚፈልገው! የሚስት የጆሮ ወርቅ ሸጦ ጠጥቶ፣ ከዚያ «እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል» ብሎ ቤት ይመጣል። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ወርቁስ?

ሌላው ነገር የዕለቱ ነገር ነው። እዚያ ማኅበር ውስጥ «ለዘላለም አልጠጣም» አይባልም። «ዛሬ አልጠጣም» ነው። ነገ ሲመጣ ነገ ይታያል። ይህን ሰምተው «ይሄማ ቁርጠኝነት ማጣት ነው» የሚሉ አሉ። በየቀኑ «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» እያልን የምንጸልይ ሰዎች እንዲህ ማለታችን ይገርማል።

ታዲያ ይሠራል ወይ? በ2020 ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ተቋም ያወጣው ግምገማ አለ። 27 ጥናቶች፣ 10,565 ሰዎች። በአልኮሆሊክስ አኖኒመስና ወደዚያ በሚመራ ሕክምና ያለፉት ከአንድ ዓመት በኋላ 42 በመቶዎቹ ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ ርቀው ተገኙ፤ በሌሎች ሕክምናዎች ያለፉት ደግሞ 35 በመቶ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር አይደለም፣ ግን አለ፣ ያውም በነፃ ነው የሚሰጠው። ለምን እንደሚሠራ የመረመሩት ሰዎች ያገኙት ትልቁ ምክንያት የሰው ለውጥ ነው፤ ከሚጠጡ ጓደኞች ወደማይጠጡ ጓደኞች መሻገር። ሱሳቸው በጣም በከፋባቸው ላይ ደግሞ መንፈሳዊው ነገር ራሱ ጎልቶ ይታያል። የእምነት ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እግዚአብሔር ነው የሠራው፣ አንተ ጓደኛ ትላለህ» እንዳይሉኝ። እግዚአብሔር ደግሞ በምን የሚሠራ ይመስላችኋል?

እዚያው አክሮን ውስጥ እህት ኢግናሺያ የምትባል የካቶሊክ መነኩሲት ነበረች፣ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ታካሚ የምትመዘግብ። በ1939 ዶክተር ቦብ ሰካራም ሲያመጣላት ሆስፒታሉ እንዲህ ያለውን ሰው መቀበል አይወድም ነበርና የጨጓራ ሕመምተኛ ብላ መዝግባ አስገባችው። ሰዎቹ ሰውነታቸው እስኪረጋ በሐኪም ይታያሉ፣ ከዚያ ያቆሙ ሰዎች እየመጡ ያናግሯቸዋል። ሲወጡ ትንሽ የጨርቅ ምልክት፣ ቅዱስ ልብ የተሣለበት፣ ትሰጣቸውና አንድ ቃል ታስገባቸዋለች፤ ለመጠጣት ከወሰንክ፣ ከመጠጣትህ በፊት መጥተህ ይህን መልስልኝ። በቃ። «አልጠጣም በል» አላለችም። ሰውየው ሐራራው ሲያንቀው የሚሄድበት ቦታና የሚያየው ፊት ሰጠችው። ጋሽ እገሌ የማለው መሐላ ከሰው አሸሸው፣ የእህት ኢግናሺያ ቃል ግን ወደ ሰው ይጎትታል። እኔ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህንን ልዩነት ነው የምሰጣችሁ።

ሐራራን ካነሣሁ አይቀር። ጫት ያቆመ ልጅ በርጫ ሰዓት ሲደርስ ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፣ ልቡ ወደ ጫት ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ መጥቶ «እኔ አልተለወጥኩም፣ ዛሬም አማረኝ» ይላል። አምሮት እንደ ውድቀት ነው የሚቆጥረው። እኛ ግን ከልጅነታችን የተማርነው ነገር አለ፤ ኃልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር። ሐሳብ፣ ቃል፣ ሥራ። ሦስቱ አንድ አይደሉም። የግብፅ በረሃ አባቶች በዚህ ላይ ብዙ አስበዋል። አንድ ወንድም ወደ አባ ጴሜን መጥቶ ክፉ ሐሳብ በዛብኝ አለው። አባ ጴሜን ወደ ውጭ አወጣውና «ደረትህን ዘርግተህ ነፋሱን ያዘው» አለው። «አልችልም»። «እንግዲያው ሐሳብም እንዳይመጣ ልታደርግ አትችልም፣ የአንተ ሥራ ሲመጣብህ መቃወም ነው» አለው። ዛሬ አማካሪዎች ለደንበኞቻቸው የሚያስተምሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም። አምሮቱ ሲመጣ አትደንግጥ፣ ተመልከተው፣ ይጨምራል፣ ከዚያ ይቀንሳል፣ ያልፋል። ከቡድሂስቶች ማሰላሰል የተወሰደ እንዲህ ያለ ሕክምና በ286 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2014 ታትሟል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ደንበኛችሁ ኦርቶዶክስ ከሆነ የቡድሂስቱን ስም መጥራት አያስፈልጋችሁም። ኃልዮና ገቢር ይለያያሉ በሉት፣ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ከባዱ። ጸበል።

ጸበል ላይ የሚያሾፍ አማካሪ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ምንም የሚረዳው ሰው አይኖርም። እንጦጦ፣ ጻድቃኔ፣ ሽንቁሩ ሚካኤል የሚሄደው ሕዝብ ቀልድ አይደለም። ሰውየው ከሰፈሩ ይወጣል፣ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ ይጸልያል፣ ይጠመቃል፣ ይጾማል፣ መጠጥ የሚሸጥለት አያገኝም፣ ጎኑ እንደሱ የታመመ ሰው አለ፣ ማንም አይንቀውም። ይህን ሁሉ በገንዘብ ግዙ ብትባሉ አትችሉትም።

ግን ስሙኝ። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው፣ ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። ሊገድለው ይችላል። የመጨረሻውን ከጠጣ ከስድስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታት ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፤ ግድግዳ ላይ ነፍሳት ይታዩታል፣ የሌለ ሰው ያናግረዋል፣ ይጮኻል፣ የት እንዳለ አያውቅም። አሁን ይህ ሰው ያለው ጸበል ቦታ ነው እንበል። ትናንት ገባ፣ እየጾመ ነው፣ ባዶ ሆዱን ነው። ሲጥለውና ሲጮህ ከጎኑ ያለው ሰው ምን ይላል? ታውቁታላችሁ ምን እንደሚል። «ያዘው፣ ሊለቅ ነው!» መድኃኒቱ ግን አለ፣ ርካሽም ነው፤ ዲያዜፓምን የመሰለ የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1፣ በሐኪም እጅ፣ ለጥቂት ቀናት። ከዚያ ወደ ጸበሉ ይሂድ። ጸበሉ አንድ ሳምንት ይጠብቀዋል።

መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ለሚል ሰው ሲራክን አንብቡለት፣ ምዕራፍ 38ን። ሐኪምን አክብረው ይላል፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ይህ ክርክር አዲስም አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የመጣ ሰሞን ስንት ሰው ጸበል ገብቼአለሁ ብሎ መድኃኒቱን ጥሎ ሞቷል። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ወጥተው ጸበሉንና መድኃኒቱን አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተማሩ። ለአረቄውም ይኸው ነው።

ስለ ጋኔን አንድ ነገር ልበል። ጋኔን የለም ልል አልመጣሁም፣ ሥራዬም አይደለም። የሥራዬ ጉዳይ ግን ይሄ ነው። ኬኔት ፓርጋመንትና ባልደረቦቹ በ2001 ያወጡት ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ 596 የሆስፒታል ታካሚዎችን ሁለት ዓመት ተከታተሉ። «እግዚአብሔር ትቶኛል»፣ «አይወደኝም»፣ «ይህን ያመጣብኝ ሰይጣን ነው» የሚል ሐሳብ የያዙት ከሌሎቹ በበለጠ ሞተዋል፤ የሕመማቸው ክብደት ከግምት ገብቶ እንኳ። የሱስ ጥናት አይደለም፣ ይህን አልደብቅም። ግን ሱስ ያለበትን ልጅ በየቀኑ «ያደረብህ አለ» እያልን ስናሳድገው ምን እያስታጠቅነው እንደሆነ አስቡ። ራሱ ሊያደርገው የሚችል ነገር እንደሌለ ነው የምንነግረው።

እንግዲህ ወደ አማካሪዎች። አጭር ነው። እምነታችሁን ደንበኛው ላይ አትጫኑ፤ እምነት የላችሁም እንደሆነም አለማመናችሁን አትጫኑ። ጠይቁ። «ሲከፋህ የት ትሄዳለህ? ትጸልያለህ? የንስሐ አባት አለህ? ያውቃሉ? ምን አሉህ?» መልሱ ውስጥ መድኃኒቱም መርዙም አለ። እምነት የሌለውንም ሰው አትግፉት፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ራሱ እርምጃዎቹን ሲጽፍ «እኛ በተረዳነው መጠን እግዚአብሔር» የሚል ቃል ያስገባው የማያምኑ አባላት ስለነበሩት ነው። ውጭ አገር ያላችሁም እንዲሁ፣ ደንበኛችሁን ከቋንቋውና ከእምነቱ ጋር የሚሄድ ቦታ ፈልጉለት። ለምሳሌ በ1989 ባልቲሞር ውስጥ ሚላቲ ኢስላሚ የሚባል ማኅበር ተመሥርቷል፤ እነዚያኑ አሥራ ሁለት እርምጃዎች በእስልምና መንገድ የሚሄድባቸው።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹ።

አንድ ቄስ «ይገዝቱኝ ብሎ እግሬ ላይ ሲወድቅ ምን ላድርግ? ልመልሰው?» አሉ። አባቴ፣ አይመልሱት። ግን ለዘላለም አይገዝቱት። እስከ ቅዳሜ ይበሉት። ቅዳሜ ይምጣ፣ ያዩት፣ እንደገና እስከ ሌላው ቅዳሜ። ቢወድቅም ቅዳሜ እንዲመጣ አስቀድመው ይንገሩት፤ በተለይ ከወደቀ እንዲመጣ። ስልክዎንም ይስጡት።

አንዲት እናት ልጃቸው ጫትና ሺሻ እንደያዘው፣ ማታ ለመጨበስ፣ ማለት የጫቱን ምርቃና ለማብረድ፣ እንደሚጠጣም ነገሩን። ጸበል ልውሰደው ወይስ ሐኪም ቤት አሉ። እማማ፣ መጀመሪያ የሚጠጣው በየቀኑ ነው ወይስ አንዳንዴ የሚለውን ይወቁ። በየቀኑ ከሆነ ሐኪም ይቅደም። ጫቱ ብቻውን ቢሆን ማቆሙ አይገድልም፤ ግን ይተኛል፣ ይቃዣል፣ ይከፋዋል፣ ሰው ማየት ይጠላል፣ ለአንድ ሁለት ሳምንት። ስንፍና መስሎዎት አይቆጡት። «መኖር አስጠላኝ» ካለ ግን ቀልድ ነው ብለው አይለፉት፣ ያን ቀን ራሱ ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ጸበልም ከሄደ መድኃኒት ካለው ይዞ ይሂድ፣ የሚጠብቁትም ሰዎች ይወቁ። ከሁሉ በላይ ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል? ያው ክፍል፣ ያው ጓደኛ፣ ያው ጫት ቤት ከሆነ ሁለት ወር ጸበል መቆየቱ ብዙ አያዘልቀውም። ሳይመለስ በፊት ከሰዓት በኋላውን በምን እንደሚያሳልፍ አብራችሁ ተነጋገሩ፣ በርጫ ሰዓት ማለት ነው።

አንድ ወጣት አማካሪ «ደንበኛዬ አብረን እንጸልይ ካለኝስ?» አለ። እሱ ከጠየቀህና አንተም ከልብህ ከሆነ ጸልይ፣ አጭር ይሁን፣ እሱ ይጸልይ አንተ አሜን በል። አንተ አታንሣው። ካልሆነልህ ደግሞ «አንተ ጸልይ፣ እኔ ዝም ብዬ አብሬህ እቆያለሁ» በለው። ማስመሰሉ ነው የሚጎዳው፣ ያውቅብሃል።

የመጨረሻው ከአንድ ዲያቆን ነው። «ማኅበራችን ውስጥ መጠጥ ያቆመ ወንድም አለ፣ ጠላ ሲቀዳ ይነሣና ይሄዳል፣ ምን እናድርግ?» አለ። ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ አስደሰተኝ። ምክንያቱም እኛ አገር ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም፣ ዝክሩም ጠላ አለው። ጋሽ እገሌን ወደ ሰው ተመለስ እንለዋለን፣ የሚመለስበት ሰው ሁሉ ብርጭቆ ይዟል። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ለብቻው ለስላሳ አትግዙለት፤ ጣት መቀሰር ይሆናል። በዚያ ወር ተራው የደረሰው ሰው ብርዝ ወይም ቅሪቦ ያዘጋጅ፣ ለሁሉም ይቀዳ። ጠላው ቢቀር ቅዱሱ አይቀየምም። አንድ ሁለት አባላት ያጉረመርማሉ፣ ይለፍላቸው። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ጸበሉን ሲያድል ያ ወንድም እዚያ ይኑር።